የዱከም ውሾች ትምህርት ሊጀምሩ ነው፤ እኛስ ተዘጋጅተናል?

ቴሌግራም ከፍታችሁ «ቡችላ» ብላችሁ ፈልጉ እስቲ። «የሁለት ወር ጀርመን ሸፐርድ፣ ንፁህ ዘር፣ እናት አባቱ የሚታዩ፣ ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ማስታወቂያ ይዘንብላችኋል። ገዢዎቹ እነማን ናቸው ብትሉ፣ ብዙዎቹ እንደኔ ከአዲስ አበባ ዙሪያ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ዱከም፣ ገላን፣ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ። አጥሩን ሳይጨርስ ውሻ የገዛ ሞልቷል። አይፈረድበትም፤ መንደሩ ገና ነው፣ መብራቱ ይቆራረጣል፣ ማታ ጅብ ይመጣል፣ ሌባም ከጅብ አያንስም።

አሁን ደግሞ ከሽያጩ ቀጥሎ ሌላ ማስታወቂያ መጥቷል፦ ስልጠና። በግል ሲሆን ዋጋው ስለሚከብድ፣ እኛ ሰፈር ያሉ ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው አንድ አሰልጣኝ በጋራ ለመቅጠርና እሁድ ጠዋት ሜዳ ላይ ለመገናኘት እየተነጋገሩ ነው። በቡድን ስልጠና ማለት ነው። ሐሳቡ ደስ አሰኝቶኛል። ነገር ግን በግሩፑ ውስጥ አንዱ «ምን ይዘን እንምጣ?» ብሎ ሲጠይቅ የተሰጠው መልስ አሳሰበኝ። አንዱ «ሰንሰለት» አለ። ሌላው «ዱላ»። ሦስተኛው «ጥሬ ስጋ፣ ዱከም አይደለን እንዴ?» ብሎ ሳቀ። ክትባት ያለ ሰው ግን አንድም አልነበረም።

ለዛሬው ጽሑፌ መነሻ የሆነኝ ይሄው ነው። የኔ ሐሳብ አጭር ነው፦ የውሻ ስልጠና የሚጀመረው ሜዳው ላይ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው፤ ቀድሞ መሰልጠን ያለበትም ባለቤቱ ነው። ዝግጅቱ በደንብ ከተሠራ ደግሞ ጥቅሙ ከ«ቁጭ በል» እና «ና» አልፎ የከተማዋን ልጆች ሕይወት እስከማትረፍ ይደርሳል።

ቅንጦት ነው ወይ?

አንዲት ጎረቤቴን ስለ ጉዳዩ ባጫውታቸው «ልጄ፣ ለሰው ልጅ ትምህርት ቤት ሳይዳረስ ደግሞ ለውሻ?» አሉኝ። እትዬ እውነት አላቸው፤ ጥያቄው የብዙ ሰው ነው። ስለዚህ ከቁጥሩ እንነሳ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በእብድ ውሻ በሽታ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች ይሞታሉ። አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ናቸው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች ውስጥ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው በውሻ አማካይነት ነው። ከሚነከሱት መካከል 40 በመቶ ገደማ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆነ ልጆች ናቸው። ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ ይሄ ነው፦ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል። ከዚያ በፊት ግን በክትባት ሙሉ በሙሉ መከላከል ይቻላል። ማለትም ሞቱ በሙሉ ሊቀር የሚችል ሞት ነው።

ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ገና ልጅ ከተማ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ከባድ የእብድ ውሻ በሽታ ወረርሽኝ እንደነበረባት ተመዝግቧል። ጉለሌ «ፓስተር» የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው፣ እ.ኤ.አ. በ1885 የመጀመሪያውን የእብድ ውሻ ክትባት ለሰው በሰጠው በፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ስም ከተቋቋመው ተቋም ነው። የድሮ ሰዎች «ሆድ ላይ የሚወጋው፣ በየቀኑ የሚመላለሱበት መርፌ» እያሉ የሚያወሩትን ሰምታችሁ ይሆናል። ዘመናዊው ክትባት ክንድ ላይ የሚሰጥና መጠኑም ትንሽ ነው። ፍርሃቱ ግን ከድሮው መርፌ ጋር ቀርቷል፤ ብዙ ሰው ተነክሶ ቤቱ የሚቀመጠው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ችግሩ ሰው ላይ ብቻ አያበቃም። በባሌ ተራሮች የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ የቀረው ከ500 የማይበልጥ አዋቂ ነው። ይሄ የኛ ብቻ የሆነ እንስሳ በተደጋጋሚ ያለቀው በጥይት ሳይሆን ከቤት ውሾች በተጋባበት የእብድ ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2004 እና ከ2008 እስከ 2009 የነበሩት ወረርሽኞች ይታወሳሉ። ያልተከተበ አንድ የቤት ውሻ የሚያደርሰው ጉዳት እስከዚህ ይደርሳል።

እንግዲህ እትዬን «ቅንጦት አይደለም» ያልኳቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ከመርዝ ወደ መርፌ

እስከ ዛሬ ከተሞቻችን ለውሻ ችግር የነበራቸው መልስ ይታወቃል። ሲብስ መርዝ ይበተናል፣ ጠዋት ሬሳ ይለቀማል፣ ጥቂት ወር ቆይቶ ሌላ ውሻ ይተካል። የሚተካው ደግሞ ከሞተው የባሰ ነው፤ ሰፈሩን የማያውቅ፣ ሰፈሩም የማያውቀው፣ ያልተከተበ እንግዳ።

ይሄንን ሌላው ዓለም ሞክሮ አይቶታል። የኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት እ.ኤ.አ. በ2008 በሽታው ሲገባባት ውሾቿን በብዛት ወደ መግደል ሄደች። በሽታው ግን በሁለት ዓመት ውስጥ ደሴቲቱን በሙሉ አዳረሰ። መቀነስ የጀመረው በ2010 የጅምላ ክትባት ሲጀመር ነው።

ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው የቻድ ዋና ከተማ የንጃሜና ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2013 የከተማዋ ውሾች በዘመቻ ተከተቡ፤ በየዓመቱ ከ70 በመቶ በላይ ማለት ነው። ውጤቱ የሚገርም ነበር፤ በከተማዋ ውስጥ የበሽታው መተላለፍ ተቋረጠ። ግን ዘላቂ አልሆነም። ከወራት በኋላ በሽታው ተመልሶ መጣ። ተመራማሪዎች ቫይረሱን ሲመረምሩ ከከተማዋ ውጪ የገባ ሆኖ አገኙት።

አሁን ይሄንን ወደኛ አምጡት። አዲስ አበባ ውሾቿን በሙሉ ብትከትብ እንኳ ዙሪያዋን የከበብናት እኛ ነን። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ስር ሆነዋል፤ ዱከም ደግሞ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። በካርታ ላይ የአስተዳደር መስመር አለ፤ ውሻ ግን መስመሩን አያነብም። ከገላን ተነስቶ ዱከም፣ ከቡራዩ ተነስቶ አስኮ ለመግባት መታወቂያ አይጠየቅም። ስለዚህ የዙሪያ ከተሞቹ ክትባት የዋና ከተማዋም አጥር ነው።

ታዲያ 70 በመቶ እንዴት ይገኛል? የኛ ዋና ችግር ውሻ ማጣት ሳይሆን የውሻ ባለቤት ማጣት ነው። ጎዳና ላይ የምናየው አብዛኛው ውሻ እኮ ቤት አለው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል። ስም አለው፣ ምግብ የሚሰጠው ሰው አለ፣ ነገር ግን በእጅ ተይዞ መርፌ የሚወጋ ውሻ አይደለም። ክትባት ሊሰጥ የመጣ ባለሙያ የመጀመሪያ ጥያቄው «ውሻውን ማን ይይዝልኛል?» ነው። የቡድን ስልጠናው ጥቅም የሚታየኝ እዚህ ጋ ነው። በገመድ ተይዞ መውጣት የሚችል፣ ሰው ሲነካው የማይደነግጥ ውሻ፣ ሊከተብ የሚችል ውሻ ነው።

አንድ፦ መርፌው ይቅደም

ስለዚህ «ምን ይዘን እንምጣ?» ለሚለው የመጀመሪያው መልስ የክትባት ካርድ ነው። ካርድ የሌለው ውሻ ሜዳው ላይ አይገባም፤ የማን ነው፣ ስንት ተገዛ አይባልም።

የእብድ ውሻ ክትባት በአብዛኛው ከሦስት ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል፤ ከዚያም ይደገማል። መጀመሪያ የተከተበ ውሻ መከላከያው በደንብ እስኪገነባ አራት ሳምንት ገደማ ስጡት። ቡችላ ከሆነ ከዚህ በተጨማሪ ፓርቮ እና ዲስቴምፐር የሚባሉትን ገዳይ በሽታዎች የሚከላከል ክትባት ያስፈልገዋል። ውሾች የሚሰበሰቡበት ቦታ ላይ ቡችላ የሚጨርሱት እነዚህ ሁለቱ ናቸው። የሆድ ትል መድኃኒትም አትርሱ።

«ዱከም ሆኜ የት ላስከትብ?» የሚል ካለ፣ ወንድሜ፣ አንተ እኮ ከሁሉም ትሻላለህ። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ቢሾፍቱ ብትሄድ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እዚያው ነው። የአገሪቱ የእንስሳት ክትባት ማምረቻም ቢሾፍቱ ነው። የእንስሳት ሕክምና እውቀት በጓሯችን ተቀምጦ ውሾቻችን ሳይከተቡ መዋላቸው ነው የሚያስቆጨው።

ሁለት፦ ስጋውን ቀቅሉት

ዱከምን መንገደኛ የሚያውቃት በጥሬ ስጋዋ ነው። ልኳንዳው መንገዱን ተከትሎ ተደርድሯል፣ ከአዲስ አበባም ለቁርጥ ብሎ የሚመጣ አለ። ውሾቻችንም ይሄንን ያውቃሉ። የከተማችን ውሻ ደልቶት የሚኖረው በልኳንዳው ትርፍራፊ ነው።

«ጥሬ ስጋ ይዘን እንምጣ» ያለው ልጅ ግማሹን ትክክል ነው። ውሻ የሚማረው በሽልማት ነው። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ የታዘቡትን ነገር፣ ሩሲያዊው ፓቭሎቭ ኋላ በቤተ ሙከራ ሠራበት፤ ውሻ የሆነ ነገር ከምግብ ጋር ተያይዞ ሲመጣለት ያንን ነገር ይፈልገዋል። ስለዚህ ምግብ ያዙ። ግን ጥሬውን አይሁን፤ በተለይ ጥሬ ሳንባና ጉበት።

ምክንያቱም ይሄ ነው። ኢኪኖኮከስ የሚባል ትንሽ የሆድ ትል አለ። በበግ፣ በፍየልና በከብት ሳንባና ጉበት ውስጥ ውሃ የቋጠረ እጢ ሆኖ ይቀመጣል። ልኳንዳው «ይሄ አይሸጥም» ብሎ ሲጥለው ውሻ ይበላዋል፣ ትሉ በውሻው አንጀት ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ከዚያ በልጆች እጅ፣ ባልታጠበ ሰላጣ ወደ ሰው ይገባል። ሰው ላይም ጉበትና ሳንባ ውስጥ እጢ ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና የሚወጣ ነው። በአገራችን ከብቶች ላይ በብዛት የሚገኝ በሽታ ነው።

ስለዚህ ከልኳንዳው የምትለምኑትን ቁራጭ በደንብ ቀቅሉት፣ እንደ ሽምብራ ፍሬ አሳንሳችሁ ቆራርጡት፣ በላስቲክ ያዙት። ሽምብራ የምታክል ቁራጭ ትበቃለች፤ ትልቅ ከሰጣችሁት በአምስት ደቂቃ ይጠግብና መማሩን ይተዋል። በስልጠናው ጠዋት ቁርሱን ቀንሱለት። የጠገበ ውሻ ተማሪ አይሆንም፣ እኛም ብንሆን እንዲያው ነን።

ሦስት፦ የድንጋዩን ትዝታ ማጥፋት

የውጭ አገር የስልጠና ቪዲዮ ዩቲዩብ ላይ የምታዩ ልጆች፣ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሰልጣኙ «ተኛ» ለማለት ጎንበስ ብሎ ምግቡን ወደ መሬት ያወርዳል፣ ውሻውም ተከትሎ ይተኛል። ይሄንኑ ዱከም ላይ ሞክሩት። ጎንበስ ስትሉ ውሻው እግሬ አውጪኝ ይላል። ለምን? ኢትዮጵያ ውስጥ ያደገ ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ምን እንደሚያነሳ ያውቃል። ድንጋይ ነዋ!

ይሄ ቀልድ ይመስላል እንጂ የዝግጅቱ ዋና ሥራ ነው። ስልጠናው ከመጀመሩ ሁለትና ሦስት ሳምንት በፊት በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ይሄንን ሥሩ፦ ከውሻው ራቅ ብላችሁ ትንሽ ጎንበስ በሉ፣ ወዲያው የተቀቀለችውን ቁራጭ ወርውሩለት። ሲለምደው ትንሽ ቀረብ፣ ትንሽ ዝቅ። ከቀናት በኋላ ጎንበስ ስትሉ መሸሹን ትቶ ይጠብቃችኋል። እጃችሁን ወደ አንገቱ ስትዘረጉም እንደዚያው። ጆሮውን፣ መዳፉን፣ አፉን ነካ አድርጋችሁ ሸልሙት። የእንስሳት ሐኪም ፊት ሲቀርብ የሚያስፈልገው ይሄ ነው።

ሰንሰለቱም እንዲሁ ነው። ቀኑን ሙሉ ለታሰረ ውሻ ገመድ ማለት እስር ማለት ነው። እሱን በድንገት በዚያው ሰንሰለት አሥር ሌሎች ውሾች ያሉበት ሜዳ መውሰድ ጠብ መጥራት ነው። ሰንሰለቱን እቤት ተዉትና ለስላሳ የአንገት ቀበቶና አንድ ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር ገመድ አዘጋጁ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ፣ ከዚያ በር ላይ፣ ከዚያ መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ውጪ። ገመዱ ሲረግብ ሸልሙ፣ ሲወጥረው ቁሙ። አትጎትቱት። ውሻ ሲጎተት መልሶ መጎተት ተፈጥሮው ነው።

ቡችላ ያላችሁ ደግሞ ጊዜ አታባክኑ። ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ጊዜ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስት ወር ገደማ ነው። በዚያን ጊዜ ያየውን ሰው፣ የሰማውን ድምፅ፣ የረገጠውን መሬት ኋላ አይፈራውም። የአሜሪካ የእንስሳት ባህርይ ሐኪሞች ማኅበር ቡችላ ከ7 እስከ 8 ሳምንት ዕድሜው የቡድን ትምህርት መጀመር ይችላል ይላል፤ የመጀመሪያውን ዙር ክትባት ከወሰደ ቢያንስ 7 ቀን ካለፈው ነው ታዲያ፣ ቦታውም ንፁህ ከሆነ። እኛ ጋ ግን ቡችላው «ለሰው እንዳይለምድ» ተብሎ ጨለማ ቤት ይዘጋበታል፣ «ኃይለኛ እንዲሆን» ጆሮው ይቆረጣል። ጆሮ መቁረጥ ጀግና አያደርግም። ከልጅነቱ ተዘግቶ ያደገ ውሻም ጠባቂ አይሆንም፤ ፈሪ ነው የሚሆነው። ፈሪ ውሻ ደግሞ ሌባውንና የጎረቤት ልጅን አይለይም።

አራት፦ በአንድ ቃል ተስማሙ

የኛ ከተሞች ቤት ውስጥ ስንት ቋንቋ ይነገራል? አባት «ና» ይላል። እናት «ኮቱ» ትላለች። ልጅየው ከዩቲዩብ ተምሮ «ካም ሂር» ይላል። ውሻው መሃል ላይ ቆሞ ሁሉንም ያያል፣ ከዚያ «ደንቆሮ ነው» ይባላል። ደንቆሮ አይደለም፤ ሦስት ቋንቋ እኩል ሲወርድበት ግራ ገብቶት ነው።

ቤተሰብ ቁጭ ብሎ ይስማማ። አማርኛም ይሁን ኦሮምኛ ለውሻው ለውጥ የለውም፣ አንድ ይሁን እንጂ። ለአንድ ድርጊት አንድ ቃል፣ በወረቀት ተጽፎ በር ላይ ይለጠፍ። ከስልጠናው በፊት ሁለት ነገር ቢያውቅ በቂ ነው፦ ስሙን ሲሰማ ዞሮ ማየት፣ እና «ና» ሲባል መምጣት። ስሙን ጥሩ፣ ዞር ሲል በሰከንድ ውስጥ ሸልሙ። ሽልማቱ ከዘገየ ለምን እንደተሸለመ አያውቅም። አንድ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ፣ በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ። ደግሞ «ና» ብላችሁ ጠርታችሁ በፍጹም አትምቱት። ጠርቶ የመታ ሰው ሁለተኛ ሲጠራ አይሰማም።

አምስት፦ አሰልጣኙን ጠይቁት

ባለሙያ የለንም ማለት አይቻልም። ፌዴራል ፖሊስ በአነፍናፊ ውሾች ይሠራል። ከኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት በኋላ በተደረገው የፈንጂ ማጽዳት ሥራም የሠለጠኑ ውሾች ተሰማርተው ነበር። ነገር ግን የፖሊስ ውሻ ማሰልጠን ሌላ፣ የቤተሰብ ውሻ ማሰልጠን ሌላ። ቴሌግራም ላይ «አሰልጣኝ ነኝ» ለማለትም ስልክ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁት። ውሻዬ በትክክል ሲያደርግ ምን ያገኛል? ሲሳሳትስ ምን ይደርስበታል? ለሁለተኛው መልሱ «ይመታል»፣ «ይታነቃል»፣ «አለቃው ማን እንደሆነ አሳየዋለሁ» ከሆነ አመስግናችሁ ተሰናበቱት። «አለቃው ማን ነው» የሚለው አስተሳሰብ የመጣው ከተለያየ ቦታ ተሰብስበው አንድ ግቢ ውስጥ የታጎሩ ተኩላዎችን በማጥናት ነው። ሐሳቡን በመጽሐፉ ካስፋፉት አንዱ የሆነው ዴቪድ ሜች ራሱ ኋላ በዱር ያሉትን ሲያጠና፣ የተኩላ መንጋ ማለት እናት፣ አባትና ልጆች መሆኑን ተረድቶ አሮጌውን ሐሳብ አርሟል። ከላይ የጠቀስኩት የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አቋሙ በሽልማት የሚደረግ ስልጠናን ብቻ ነው የመከረው። ተመትቶ የሰለጠነ ውሻ የማጉረምረሙን ልማድ ይተዋል፣ መናከሱን ግን አይተውም። ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ማለት እሱ ነው።

የዕለቱ ዝግጅት

የመጀመሪያው ቀን ያለ ውሻ ይሁን። ሰዎቹ ብቻ ይምጡ፣ ካርድ ይታይ፣ ሕግ ይነገር፣ ሜዳው ይታይ። በሁለተኛው ቀን ከቤት ሳትወጡ ውሻውን አጸዳዱት፣ የራሱን ውሃ መጠጫ ያዙ፣ ላስቲክም ያዙ፤ ሜዳ ላይ የጣለውን የምታነሱት እናንተ ናችሁ። አንድ ውሻ ለአንድ አዋቂ፣ ትንሽ ልጅ ገመድ አይይዝም። ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ላይ ያለች ሴት ውሻ፣ የሚያስለው፣ የሚያስቀምጠው እቤት ይቅር። ነክሶ የሚያውቅ ውሻ ለቡድን አይሆንም፤ መጀመሪያ ለብቻው፣ የአፍ መሸፈኛ ለምዶ።

ሜዳው ላይ ስትደርሱ ውሾቹን አፍንጫ ለአፍንጫ አታገናኙ። በገመድ ተይዘው ፊት ለፊት መፋጠጥ ነው ጠቡን የሚያመጣው። ተራራቁ። ውሻው ያለ እንቅልፍ ሲያዛጋ፣ ከንፈሩን ደጋግሞ ሲልስ፣ ጭራውን ሲቀብር፣ ሰውነቱ ድርቅ ሲል «በቃኝ፣ አርቀኝ» እያለ ነው። አርቁት። ይሄ ሽንፈት አይደለም፤ ትምህርቱ ራሱ ነው። ቲክቶክ ቪዲዮውን ለሌላ ቀን አቆዩት፤ አንድ እጅ ለገመዱ፣ አንድ እጅ ለሽልማቱ ነው፣ ሦስተኛ እጅ የለም።

ቢነክስስ?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፤ አምልጦት ቢሆን እንኳ። «ገመዱን በጥሶ ነው» የሚለው ምክንያት አያድንም። ውሻ ስትገዙ ኃላፊነቱንም አብራችሁ ነው የገዛችሁት።

ማንም ሰው ከተነከሰ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ሰዓት ይዛችሁ። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። በርበሬ፣ ቅጠል፣ ጭቃ ቁስሉ ላይ አታድርጉ። ጸበል የሚሄድ ይሂድ፣ መርፌውን ግን አይዝለል። የተባለለትን ክትባት በሙሉ ይጨርስ፤ አንዱን ወስዶ መተው አይሠራም። ባለቤቱ የሚታወቅ ጤነኛ የሚመስል ውሻ ከሆነ ደግሞ ተሯሩጣችሁ አትግደሉት። ለ10 ቀን ተይዞ ይታያል፤ በዚያ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በሲነክስ በሽታው በምራቁ ውስጥ አልነበረም ማለት ነው። የገደላችሁት ውሻ መልስ አይሰጥም። ሕክምናው ግን የ10 ቀኑን ውጤት አይጠብቅም፤ ወዲያው ይጀመር።

ከከተማው የምንጠይቀው

ንጋት ላይ ከኢስተርን ኢንዱስትሪ ዞን የሌሊት ፈረቃ ጨርሰው የሚወጡ ልጆችን ተመልከቱ። ብዙዎቹ በእናንተ ዕድሜ ያሉ ወጣት ሴቶች ናቸው። ተሰባስበው፣ በእጃቸው ድንጋይ ይዘው ነው የሚሄዱት። የሚፈሩት ሌባውን ብቻ አይደለም። ማታ «ይጠብቅልኝ» ብለን የለቀቅነው የኛው ውሻ ነው መንገዱን የያዘባቸው። የኔ ግቢ የሚጠበቀው በሌላ ሰው ልጅ ፍርሃት ከሆነ፣ ጥበቃ አይባልም።

ከአስተዳደሩ የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። በሳምንት አንድ ጠዋት የሚፈቀድ የታጠረ ሜዳ። እዚያው ሜዳ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ጠረጴዛ ዘርግቶ የሚከትብ የእንስሳት ሐኪም። ለተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ የሚታይ ምልክት። ልኳንዳዎች ተረፈ ስጋቸውን የሚጥሉበት ክዳን ያለው ጉድጓድ። ሰበታም፣ ቡራዩም፣ ሱሉልታም፣ ዱከምም ይሄንን በተመሳሳይ ሳምንት ቢያደርጉት ከአዲስ አበባ ጋር ተደምሮ እውነተኛ አጥር ይሆናል። ዓለም በውሻ ንክሻ የሚመጣውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. በ2030 ዜሮ ለማድረግ ዕቅድ ይዟል። ቀኑ ቀርቧል።

ከእናንተ የሚጠየቀው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። አስተዳደሩን ሳትጠብቁ፣ አሰልጣኙንም ሳትቀጥሩ፣ ዛሬ ማታ መጀመር ትችላላችሁ። ግሩፓችሁን ክፈቱና «ምን ይዘን እንምጣ?» ለሚለው መልስ ጻፉ፦ ካርድ፣ ለስላሳ ገመድ፣ የተቀቀለ ቁራጭ፣ አንድ ቃል። ዱላውን ግን እቤት።

ቸር እንሰንብት።